ከመሠዊያው እስከ ድኻው ደጃፍ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የተወደዳችሁ ደናግል፣ በየቁምስናችሁ፣ በየአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችሁ፣ ድኾችን በማገልገል የምትደክሙ ወንድሞችና እኅቶች፤ የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሰላም ከሁላችን ጋር ይሁን። በዚህ ጉባኤ ፊት እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ካህን አይደለሁም፤ የሥነ መለኮት መምህርም አይደለሁም። ሕሙማንንና አረጋውያንን በየቤታቸው በሚጎበኝ ማኅበር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያገለገልሁ ምእመን ነኝ፤ የምናገረውም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተቀበልሁትንና በዚያ አገልግሎት ያየሁትን ነው።

ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ። መጀመሪያ፣ በመሠዊያው ፊት የምናቀርበው አምልኮና በድኻው ደጃፍ የምንፈጽመው አገልግሎት አንድ መሆኑን እናገራለሁ። ቀጥሎ፣ ፍቅራችን ሥርዓት እንደሚያስፈልገው፣ ከሥርዓቱም ጋር እኛ ራሳችን በአካል መገኘት እንዳለብን አስረዳለሁ። በመጨረሻም ስለ ፍትሕ ጥቂት እላለሁ። በሁለተኛው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ምክንያቱም እኛን አገልጋዮችን በቀጥታ የሚነካን እርሱ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆኑንም አስቀድሜ ልግለጽ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ልግባ። ስለ እምነትና ስለ በጎ ሥራ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ምእመናንን ለሁለት እንከፍላቸዋለን፤ በአንድ ወገን የሚጸልዩ፣ የሚያስቀድሱ፣ የሚቆርቡ፤ በሌላ ወገን የሚያበሉ፣ የሚያለብሱ፣ የሚያስታምሙ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ክፍፍል ከመጀመሪያው አታውቀውም። በ150 ዓ.ም. ገደማ ቅዱስ ዮስጢኖስ ሰማዕት ስለ ክርስቲያኖች ተሟግቶ ለሮም ንጉሠ ነገሥት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ክርስቲያኖች በእሑድ ቀን ተሰብስበው ምን እንደሚያደርጉ ይተርካል። የሐዋርያትና የነቢያት መጻሕፍት ይነበባሉ፤ ጉባኤውን የሚመራው ይመክራል፤ ሁሉም ተነሥተው ይጸልያሉ፤ ኅብስትና ወይን ይቀርባል፤ ምስጋና ይደርሳል፤ ሕዝቡ ይቆርባል፤ በቦታው ላልተገኙትም በዲያቆናት እጅ ይላክላቸዋል። ወዲያው ቀጥሎ ምን ይላል? ያላቸውና የወደዱ እንደ ፈቃዳቸው ይሰጣሉ፤ የተሰበሰበውም በመሪው ዘንድ ይቀመጣል፤ እርሱም አባትና እናት የሌላቸውን ልጆች፣ መበለቶችን፣ ሕመምተኞችን፣ እስረኞችንና እንግዶችን ይረዳበታል ይላል። ዮስጢኖስ ስለ ቅዱስ ቁርባን ሲናገር ስለ መበለቲቱም ይናገራል፤ በመካከላቸው አዲስ ርእስ እንኳ አልከፈተም። እርሱ በነበረበት ዘመን አንድ ክርስቲያን እሑድን አክብሮ ድኻውን ቢረሳ፣ እሑድን በግማሽ እንዳከበረ ይቆጠር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከእርሱ በኋላ ከ200 ዓመታት በላይ ቆይቶ የተነሣው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህንኑ በጠንካራ ቃል ተናገረው። የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ሕዝቡን እንዲህ እያለ ጠየቀ፦ የክርስቶስን ሥጋ ማክበር ትወዳላችሁን? እንግዲያስ ታርዞ ስታዩት አትናቁት፤ በዚህ በቤተ መቅደስ ውስጥ በሐር ልብስ አክብራችሁት በውጭ ግን በብርድና በዕርቃን ሲሠቃይ አትለፉት። “ይህ ሥጋዬ ነው” ያለው አፍ “ተርቤ አይታችሁኝ አላበላችሁኝም” ያለው ያው አፍ ነው። አፈወርቅ ለቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት መስጠትን አልከለከለም። ሁለቱንም አድርጉ፤ ይልቁንም አስቀድማችሁ የተራበውን አጥግቡ፤ ከዚያ በተረፈው ገበታውን አስጊጡ አለ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ላይ ያለውን የፍርድ ቀን ንባብ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። “እውነት እላችኋለሁ፥ ከሁሉ ከሚያንሱ ከእነዚህ ወንድሞቼ ለአንዱ እንኳ ስላደረጋችሁት ለእኔ አደረጋችሁት።” አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። በግራ የቆሙት በምን ተከሰሱ? ሰረቁ ተባሉን? ገደሉ ተባሉን? ድኻውን ደበደቡት ተባሉን? አንዱም የለም። ያልሰጡት ውኃ፣ ያልጎበኙት እስረኛ፣ ያልተቀበሉት እንግዳ ነው የተቆጠረባቸው። ሁልጊዜ “ማንንም አልበደልሁም” ብዬ ራሴን ማጽናናት ስጀምር ወደዚህ ንባብ እመለሳለሁ።

ቅዱስ ያዕቆብም አልማረንም። “ወንድም ወይም እኅት ራቁታቸውን ቢሆኑ የዕለት ምግብንም ቢያጡ፥ ከእናንተ አንዱም፦ በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም ቢላቸው ለሰውነት ግን የሚያስፈልጉትን ባትሰጡአቸው ምን ይጠቅማቸዋል?” ይላል። ይህ ሰው የተናገረው ክፉ ቃል የለም። የመረቀው ምርቃት ትክክል ነው፤ ቃሉም ትሑት ነው። የጎደለው እንጨቱን ማምጣት ብቻ ነው።

ነገሩ በሌላ በኩልም እውነት እንደሆነ ካልነገርኋችሁ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች “ድሆችንም ልመግብ ያለኝን ሁሉ ባካፍል፥ ፍቅር ግን ከሌለኝ ምንም አይጠቅመኝም” ብሎ ጽፏል። ያለውን ሁሉ ያካፈለ ሰው ፍቅር ሊጎድለው ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። ከጸሎት የተለየ አገልጋይ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ከደከመ በኋላ ይቆጣል፤ ከተቆጣ በኋላ የሚያገለግላቸውን ሰዎች መውቀስ ይጀምራል፤ “ይህን ሁሉ አድርገንላቸው” ማለት ይመጣል። በ1950 ዓ.ም. ማዘር ትሬዛ የመሠረተችው የፍቅር ሚሲዮናውያን ማኅበር ደናግል ቀናቸውን በጸሎትና በቅዳሴ የሚጀምሩትና በየዕለቱ በቅዱስ ቁርባን ፊት ለስግደት የሚቀመጡት ሥራ ስለ አነሳቸው ይመስላችኋልን? በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው ቁስል የሚያጥብ እጅ ያንን ሰው እንደ ክርስቶስ አካል ለመንካት የሚያስችለውን ጸጋ የሚቀበለው ከዚያ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ። በ1617 ዓ.ም. በኦገስት ወር ቪንሰንት ደ ፖል የሚባል የ36 ዓመት ካህን በፈረንሳይ አገር ሻቲዮን በምትባል ትንሽ ከተማ ቆሞስ፣ ማለትም የቁምስናው ኃላፊ ካህን፣ ነበረ። አንድ እሑድ ለቅዳሴ ልብሰ ተክህኖ እየለበሰ ሳለ፣ ከከተማው ራቅ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ታሞ እንደ ተኛና የሚያስታምመውም እንደሌለ ተነገረው። በስብከቱ ላይ ጉዳዩን ለሕዝቡ አነሣ። ከቀትር በኋላ ሕሙማኑን ሊጠይቅ ሲወጣ መንገዱ በሴቶች ተሞልቶ አገኘው፤ ገሚሶቹ ምግብ ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ገሚሶቹ አድርሰው ይመለሳሉ፤ ሙቀቱ ከባድ ስለ ነበር በመንገዱ ዳር ተቀምጠው የሚያርፉም ነበሩ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ያለው ቆሞስ ማን የማይደሰት አለ? ቪንሰንትም ተደሰተ። ነገር ግን በቤቱ ውስጥ የተከማቸውን ምግብ አይቶ ማሰብ ጀመረ። ዛሬ የተትረፈረፈው ነገ ይበላሻል፤ ሰዎቹም ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ቀድሞው ችግራቸው ይመለሳሉ። ፍቅሩ ታላቅ ነው፤ ሥርዓት ግን ጎድሎታል አለ። በዚያው ሳምንት ሴቶቹን ሰብስቦ በየተራ የሚያገለግሉበትን ማኅበር አቋቋመ።

ለዚያ ማኅበር የጻፈላቸው ደንብ እስከ ዛሬ አለ፤ እባካችሁ ከውስጡ ጥቂቱን ልንገራችሁ። ተረኛዋ አገልጋይ ምግቡን አዘጋጅታ ወደ ሕመምተኛው ስትገባ በፈገግታና በፍቅር ሰላምታ ትሰጠዋለች፤ ገበታውን በአልጋው ላይ ታስተካክላለች፤ ጨርቅ ታነጥፍለታለች፤ እጁን ታስታጥበዋለች፤ ጸሎት ታደርሳለች፤ እንዲበላም በመልካም ቃል ታግባባዋለች። ከዚያ ደንቡ ስለ ጉብኝቱ ቅደም ተከተል ይናገራል። አስታማሚ ካለው ሕመምተኛ ትጀምር፤ ብቻውን በሚኖረው ትጨርስ፤ ከእርሱ ዘንድ ረዘም ላለ ጊዜ መቀመጥ እንድትችል ይላል።

ይህን አስቡት። የጉብኝት ዝርዝር ነው፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል የሚል የአሠራር ጉዳይ ነው። ቪንሰንት ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሰው የሌለውን ሰው አሰበው። እኛ ዝርዝራችንን በምን መሠረት እናዘጋጃለን? በመንገዱ ቅርበት ነው፤ ማን ቶሎ ያስወጣናል በሚለው ነው፤ አንዳንዴም፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ማን በደስታ ይቀበለናል በሚለው ነው። ከ400 ዓመታት በፊት የተጻፈው ደንብ ግን የመጨረሻውን ሰዓት፣ የማንቸኩልበትን ሰዓት፣ ለብቸኛው ሰው አስቀመጠለት።

በ1633 ዓ.ም. ቪንሰንት ከቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር ሆኖ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን በማሰባሰብ የፍቅር ሥራ ልጆች የተባለውን ማኅበር ሲመሠርት፣ በዚያ ዘመን ደናግል ከገዳም ቅጥር አይወጡም ነበር። እርሱ ግን ገዳማችሁ የሕመምተኞች ቤት ነው፤ የምትኖሩበት ክፍል የኪራይ ክፍል ነው፤ ጸሎት ቤታችሁ የቁምስናው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅጥራችሁም የከተማው ጎዳና ነው አላቸው። በጸሎት ሰዓት ድኻ ቢጠራቸው ያለ ሥጋት ተነሥተው እንዲሄዱ ሲያስተምራቸውም እግዚአብሔርን ስለ እግዚአብሔር መተው ነው ብሏቸዋል።

ከራሴ አገልግሎት አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ከአልጋ የማይነሡ፣ በቀኝ ጎናቸው ሽባ የሆኑ አንድ አባት እንጎበኝ ነበር። ብርድ ልብስ ወስደንላቸዋል፤ መድኃኒታቸውን እናመጣለን፤ ሰላምታ እንሰጣለን፤ እርሳቸው ግን ራሳቸውን ከመነቅነቅ በቀር አይመልሱልንም ነበር። መናገር የማይችሉ መስሎን ነበር። አንድ ቀን ከእኛ ጋር በዕድሜ ትንሽ የሆነች አንዲት ልጅ መጣች፤ ከመግባቷ የእጃቸውን ጥፍሮች አየች። ከሽባው እጅ ጣቶች ላይ ያደጉት ጥፍሮች ወደ መዳፋቸው ታጥፈው ሥጋቸውን ይወጉት ነበር። “አባባ፣ ልቁረጥልዎት?” አለቻቸው። ለብ ያለ ውኃ አምጥታ እጃቸውን ነከረች፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እየዘረጋች፣ እንዳያማቸው እየጠየቀች ቆረጠችላቸው። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ስትጨርስ መዳፋቸውን አደረቀችና ቅባት ቀባቻቸው። እኚህ አባት ያን ጊዜ ነው የተናገሩት፤ “ስምሽ ማነው ልጄ?” አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ሞቱባቸው ልጆች እየተናገሩ አላቆሙም።

ብርድ ልብሱ አስፈላጊ ነበር፤ መድኃኒቱም አስፈላጊ ነበር። ይሁን እንጂ ጥፍሩን ለማየት እጁን መያዝ፣ እጁን ለመያዝ ደግሞ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ ያለውን ባለጠጋ አስታውሱ። አልዓዛር በደጁ ተኝቶ ነበር። ባለጠጋው አስባረረው አይልም፤ ሰደበው አይልም። በሥቃይ ውስጥ ሆኖ ወደ አብርሃም ሲጮኽ ግን ምን አለ? “አልዓዛርን ስደድልኝ” አለ። ስሙን ያውቀው ነበር ማለት ነው! በየቀኑ ሲወጣና ሲገባ የሚያየው ሰው ስሙ ማን እንደሆነ እያወቀ አልፎት ይሄድ ነበር። ይህ ንባብ እጅግ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም እኛ አገልጋዮች የድኾችን ስም በመዝገብ የያዝን ሰዎች ነን። ስሙ በመዝገባችን መኖሩ ሰውየውን ማወቃችንን አያረጋግጥም።

በ1833 ዓ.ም. በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው የ20 ዓመቱ ወጣት ፍሬደሪክ ኦዛናም ስለ ክርስትና ታሪክ በሚደረግ ክርክር ላይ ቤተ ክርስቲያን ለዓለም ያበረከተችውን ሲዘረዝር አንድ ተከራካሪ፣ ይህ ያለፈ ነው፤ እናንተ ዛሬ ለድኾች ምን ታደርጋላችሁ? የሚል ጥያቄ አቀረበለት። ኦዛናም ጥያቄውን እንደ ስድብ አልቆጠረውም። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ተብሎ የሚታወቀውን ጀመረ። ተማሪዎቹ በጎ ፈቃድ ቢኖራቸውም ወዴት እንደሚሄዱ፣ ገብተውም እንዴት እንደሚናገሩ አያውቁም ነበር። ያስተማረቻቸው የፍቅር ሥራ ልጅ የሆነችው እኅት ሮዛሊ ሮንዱ ናት፤ በፓሪስ እጅግ ድኻ በሆነው ሠፈር ለዐሥርት ዓመታት የኖረች ሴት ነበረች። የምትረዳቸውን ቤተሰቦች አድራሻ ሰጠቻቸው፤ ድኾችን በትዕግሥት እንዲሰሙና በአክብሮት እንዲይዟቸው መከረቻቸው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአንዲት መነኩሴ እግር ሥር ተቀምጠው የሰው ቤት አገባብ ተማሩ። በመካከላችን ያሉ ወጣቶች ይህን እንዲያስቡት እለምናለሁ፤ ሽማግሌዎቻችንም ወጣቶቹን ወደየቤቱ ይዘው እንዲሄዱ እለምናለሁ።

ስለ አክብሮት ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በየጊዜው የምንጎበኛቸው አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን ከቤታቸው ስንወጣ እኔን ወደ ጓዳ ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ስትመጡ ያን የማኅበር ቲሸርት ባትለብሱት ምናለበት? ጎረቤቱ ዘመድ ጠየቃት ይበል” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በማኅበራችን ማንም ሰው ወደ ድኻ ቤት የማኅበር ልብስ ለብሶ አይሄድም፤ ማንም ሰው ካሜራ አያወጣም። ጌታችን ምጽዋት ስትሰጥ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ያለውን ዛሬ በስልካችን ፊት ልናነበው ይገባል። የተቀባዩን ፊት ለዓለም አሳይቶ ርዳታ መስጠት የሰጡትን ዋጋ ከድኻው ክብር ላይ መልሶ መውሰድ ነው። ገንዘብ ለሚሰጡን ሰዎች ሪፖርት ማቅረብ ግዴታችን ነው፤ ለሪፖርቱ ደረሰኝና የሒሳብ መዝገብ ይበቃል፤ የእናቲቱ ዕንባ አያስፈልግም።

ወደ ሦስተኛው ነገር እመጣለሁ፤ አላስረዝመውም። ያው ኦዛናም ፍቅርን በመንገድ የቆሰለውን መንገደኛ ቁስል በዘይት ከሚያለሰልሰው ሳምራዊ ጋር አነጻጽሮ፣ ወንበዴዎቹ መንገደኛውን እንዳያጠቁት መከላከል ግን የፍትሕ ድርሻ ነው ብሏል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች ሁኔታ ባወጡት ዓዋዲ መልእክት፣ ማለትም ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን በጻፉት የትምህርት ደብዳቤ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ራሱን በአግባቡ የሚያኖርበት መሆን እንዳለበት አስተምረዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በበኩላቸው በ2005 ዓ.ም. በጻፉት የመጀመሪያ ዓዋዲ መልእክታቸው፣ እጅግ ፍትሐዊ በሆነ ማኅበረሰብ ውስጥ እንኳ ፍቅር አላስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ እንደማይመጣ አስረድተዋል፤ መጽናናት የሚፈልግ ኀዘንተኛና ብቻውን የቀረ ሰው ሁልጊዜ ይኖራልና። ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ላይ መያዝ አለብን። ጥንት የሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበረው ታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ለመንፈሳውያን እረኞች ባስተማረው ትምህርት፣ ለድኾች የሚያስፈልጋቸውን ስንሰጥ የራሳቸውን መመለሳችን ነው፤ የምሕረት ሥራ ከመሥራት ይልቅ የፍትሕ ዕዳ መክፈላችን ነው ብሏል።

ይህ ትምህርት በመጀመሪያ በገዛ ቤታችን ይፈትነናል። በየቤታችን የሚሠሩ ሠራተኞች አሉ፤ ዘበኞች አሉ፤ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች አሉ፤ በየድርጅታችን የቀን ሠራተኞች አሉ። ቅዱስ ያዕቆብ የተቀማ ደመወዝ ይጮኻል፤ የአጫጆቹም ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል። የሠራተኛዋን ደመወዝ ለሁለት ወር አዘግይቶ በእሑድ ቅዳሴ ለድኾች ሣጥን ገንዘብ የሚያስገባ ሰው፣ የሚያስገባው የማንን ገንዘብ ነው? ስትታመም የሕክምና ወጪዋን ከደመወዟ እየቆረጠ ለሕሙማን መርጃ የሚያዋጣ ሰው፣ የሚረዳው ማንን ነው? ይህን የምናገረው ማንንም ለማሳፈር ፈልጌ አይደለም። ከምንጎበኛቸው ቤተሰቦች መካከል ዕድሜያቸውን በሙሉ በሰው ቤት አገልግለው በእርጅናቸው ባዶ እጃቸውን የተሰናበቱ እናቶች ስላሉ ነው። የእነዚህን እናቶች ጉልበት የተጠቀሙ ሰዎች አስቀዳሾች እንደ ነበሩ እናቶቹ ራሳቸው ያለ ቂም ይነግሩናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃችኋለሁ። የየቁምስናው የጉብኝት ኃላፊዎች በዚህ ሳምንት የጉብኝት ዝርዝራችሁን አውጥታችሁ ብቻቸውን የሚኖሩትን ሕሙማን ለይታችሁ ጻፉ፤ በቀኑ መጨረሻም መድቧቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም ሁልጊዜ የሚመጡ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ በየጊዜው አዲስ ፊት አይላክባቸው። ሠራተኛ ያላችሁ ሁሉ ደግሞ ከመጪው እሑድ በፊት ያልተከፈለ ደመወዝ እንዳለ ተመልክታችሁ ክፈሉ፤ የምትከፍሉት ይበቃት እንደሆነም እርሷን ራሷን ጠይቋት። በምሳ ሰዓት ከማኅበራችን የመጡት እኅቶች የምንሠራበትን የዝርዝር ቅጽ ለሚፈልግ ሁሉ ያሳያሉ፤ እኔም እዚሁ ስለምገኝ ጥያቄ ያላችሁ ቅረቡኝ። በትዕግሥት ስለ ሰማችሁኝ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር አገልግሎታችሁን ይባርክ።